የዝናብ ራዳር መተግበሪያ በፍኖተ ሰላም ሰማይ ሥር፦ የስምንት ወር አጠቃቀም ግምገማ

ካለፈው ዓመት ሰኔ ጀምሮ እስከ ዘንድሮ ጥር መጨረሻ ድረስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ተጠቃሚ ያለውን አንድ የኢንተርኔት የአየር ሁኔታ ራዳር አገልግሎት በስልኬ ጭኜ በየቀኑ ተጠቅሜበታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በነጻው ደረጃ፣ የቀሩትን ደግሞ በሚከፈልበት ደረጃ ነው የሞከርኩት። የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው፤ ሥራዬ ማስተማር ሲሆን ቤተሰቤ ግን ከከተማው ወጣ ብሎ በጃቢ ጠህናን ወረዳ በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ የሚያመርት በመሆኑ የሰማዩ ነገር ለእኛ ቤት የወሬ ማሟሻ ሳይሆን የዓመት ጉርስ ጉዳይ ነው። ይህን ግምገማ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአካባቢዬ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚጠቀሙ ሰዎች «ተበላሽቷል»፣ «ይዋሻል»፣ «አይሠራም» እያሉ ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ከቅሬታዎቹ የሚበዙት ግን መንስኤያቸው የሚታወቅ፣ አንዳንዶቹም በአምስት ደቂቃ የሚስተካከሉ ናቸው። የማይስተካከሉትም ቢሆኑ ከየት እንደሚመጡ ያወቀ ሰው ብዙ አይጎዳባቸውም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በጎጃም ለሚኖር ሰው የዚህ አገልግሎት ነጻ ደረጃ ስልክ ላይ ሊኖር የሚገባው ጠቃሚ ነገር ነው፤ «ራዳር» በሚለው ስም ተስቦ ለሚከፈልበት ደረጃ ገንዘብ ማውጣት ግን፣ ቢያንስ አሁን ባለበት ሁኔታ፣ አይመከርም። ምክንያቱን ለማስረዳት በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር።

ጥቅምት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አንድ ቅዳሜ፣ የመጀመሪያውን ዙር የበርበሬ ለቀማ ጨርሰን በግቢያችን በሰሌንና በሸራ ላይ አስጥተን ነበር። ስጡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤ ዛላው ገና አልደረቀም፤ ሲጨብጡት እንደ ቆዳ ይታጠፋል እንጂ አይንኮሻኮሽም። ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ እናቴ ወደ ጮቄ ወገን አየት አድርጋ «ነፋሱ ቀዝቅዟል፤ ስጡን እናንሳ» አለች። እኔ ስልኬን ከፈትኩ። ካርታው ንጹሕ ነው፤ ከደብረ ማርቆስ እስከ ቡሬ፣ ከዳንግላ እስከ ዓባይ ሸለቆ አንዲት አረንጓዴ ነጠብጣብ እንኳ የለችም። «ግድ የለሽም እማዬ፣ ዝናብ የለም፤ ይቆይ» አልኳት። እርሷም የልጇን ስልክ አምና ተወችው። 9 ሰዓት ከሩብ ላይ ዶፉ ወረደ። ሸራውን ጫፍና ጫፍ ይዘን እስክናጥፍ ድረስ ውኃው መሐሉ ላይ ኩሬ ሠርቶ ዛላው ሲንሳፈፍ አይቻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከዚያ ስጥ ብዙው ላዩ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አወጣ፤ ሲሰነጥቁትም ፍሬው ግራጫ ሻጋታ ለብሷል። እናቴ ዛላውን አንድ በአንድ እየለየች ስትጥል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ይህ ካርታ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ ከሥሩ ማወቅ አለብኝ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ራዳር በሚሽከረከር አንቴና የማይክሮዌቭ ሞገድ ወደ ሰማይ እየላከ፣ ከዝናብ ጠብታና ከበረዶ ላይ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የሚለካ መሣሪያ ነው። ሞገዱ ሄዶ ለመመለስ የወሰደበት ጊዜ ርቀቱን፣ ተመልሶ የመጣው ኃይል ደግሞ የዝናቡን ብርታት ይናገራል። መሣሪያው መሬት ላይ ቆሞ የሚሠራ በመሆኑ በዙሪያው ያለውን እንጂ የዓለሙን ሰማይ ሁሉ አያይም። መሬት ክብ ስለሆነችም ጨረሩ በተጓዘ ቁጥር ከመሬት ከፍ እያለ ይሄዳል፤ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቀና ብሎ የተላከ ጨረር 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ከራዳሩ ደረጃ 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 200 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ያልፋል። እንደ ጮቄ ያለ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆም ተራራ በመንገዱ ላይ ከገጠመው ደግሞ ከተራራው ጀርባ ያለው ዝናብ ይሰወርበታል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የአንዱ ራዳር ሽፋን ከሌላው ጋር እንዲደራረብ ተደርጎ ስለተተከለና መረጃውም በአንድነት ስለሚቀርብ፣ የዚህ ዓይነት አገልግሎት እዚያ በጣም ጥሩ ሆኖ ይሠራል። እኔ የከፈልኩበት አገልግሎት ግን በጎጃም ላይ የሚያሳየው አንዳችም የራዳር መረጃ የለውም። ያን ቅዳሜ ያየሁት ንጹሕ ካርታ «ዝናብ የለም» ማለቱ አልነበረም፤ «እዚህ የሚያይልኝ ዓይን የለኝም» ማለቱ ነበር።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት፣ እኔ እንደማየው፣ ይህን ልዩነት መሸፈኑ ነው። ዝናብ የሌለበት ቦታና መረጃ የሌለበት ቦታ በአንድ ዓይነት ባዶ መልክ ይታያሉ። ማስተካከያው ግን አለ፤ በካርታው ምርጫዎች ውስጥ የራዳር ሽፋንን የሚያሳይ አንድ ምርጫ ተደብቆ ተቀምጧል፤ ሲበራ ራዳር የማይደርስበት አካባቢ ሁሉ ግራጫ ይለብሳል። እኔ ባበራሁት ጊዜ ከጣና እስከ ዓባይ ሸለቆ ያለው የጎጃም ምድር በሙሉ ግራጫ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ተጠቃሚው ፈልጎ እስኪያገኘው መተው አይገባም፤ ከመጀመሪያው በርቶ ሊመጣ ይገባዋል። ይህ ምርጫ በሌለው አገልግሎት የሚጠቀም ሰው ደግሞ ቀላል መፈተኛ አለው፦ በነሐሴ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ካርታውን አስፍቶ ይመልከት። ከአሶሳ እስከ ደሴ አንድም የዝናብ ምልክት ካላሳየ፣ የሚያየው ካርታ ባዶ እንጂ ሰማዩ የጠራ እንዳልሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ከዚያ ወዲህ ከራዳሩ ይልቅ የሳተላይት ዝናብ የሚለውን የካርታ ንብርብር መጠቀም ጀመርኩ፤ ለእኛ አካባቢ መከፈት ያለበትም ይኸው ነው። ሆኖም ይህም ቢሆን ዝናቡን ራሱን አያይም። ሜቴኦሳት የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ሆነው በኢንፍራሬድ፣ ማለትም በዓይን በማይታይ የሙቀት ጨረር፣ የሚለኩት የደመናውን ራስ ሙቀት ነው፤ የደመናው ራስ በቀዘቀዘ ቁጥር ደመናው ረጅም ነው፣ ረጅም ከሆነም ከባድ ዝናብ ይዟል ተብሎ ይገመታል። ግምቱ ለነጎድጓዳማ ደመና በአመዛኙ ይሠራል። ይሁንና ነጎድጓዱ ካለፈ በኋላ ሰማይ ላይ ተዘርግቶ የሚቀረው ስስና ከፍተኛ ደመናም እጅግ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ፀሐይ እየወጣች ካርታው በቢጫና በቀይ ተሸፍኖ ይቆያል። በተቃራኒው፣ ዝቅ ብሎ ተራራ ተደግፎ የሚያዘንበው ደመና ራሱ ብዙም ስለማይቀዘቅዝ ሳተላይቱ ዝናብ አድርጎ አይቆጥረውም። እንጅባራ የሚኖር አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሐምሌ ቀኑን ሙሉ ካፊያ ሲመታው ውሎ ካርታው ግን ደረቅ መሆኑን ደውሎ ነግሮኛል፤ ይህ የስልኩ ብልሽት አይደለም፤ ደጋው አገራችን ለዚህ ዓይነት ግምት አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ከሳተላይቱ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝም እርሱን ማወቄ ነው። ዋናው ሜቴኦሳት የሚገኘው በዜሮ ኬንትሮስ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በላይ ነው። ጎጃምን የሚያየው ከምዕራብ በኩል አጋድሎ በመሆኑ የረጅም ደመና ራስ ካርታው ላይ የሚሳለው ከቆመበት ቦታ ወደ ምሥራቅ ተገፍቶ ነው። አገልግሎቱ ስሌቱን ካላስተካከለ በቀር፣ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው የደመና ራስ በእኛ አካባቢ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ርቆ ይታያል። በእኛ ዘንድ ደግሞ የክረምቱ የከሰዓት በኋላ ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጮቄ ወገን፣ ማለትም ከምሥራቅ ነው። እንግዲህ ካርታው ዝናቡን ጂጋ ላይ አድርጎ ሲያሳየን እውነተኛው ዝናብ ፍኖተ ሰላም ደጃፍ ደርሶ ይሆናል። ይህን ከተረዳሁ በኋላ በሳተላይቱ ንብርብር የማየውን እያንዳንዱን ኃይለኛ ደመና ወደ ምዕራብ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ስቤ ማንበብ ጀመርኩ፤ በግቢዬ ከምሰማው ነጎድጓድ ጋርም ከቀድሞው በተሻለ ሁኔታ ይስማማልኝ ጀመር።

ወደ ሰዓት ጉዳይ ስንመጣ፣ «ዘገየብኝ» ወይም «ቀድሞ ተናገረ» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ሦስት አቆጣጠሮች በአንድ ስክሪን ላይ ስለሚገናኙ ነው። በአንዳንድ የካርታ ንብርብሮች ላይ የተጻፈው ሰዓት የግሪንዊች ሰዓት ነው፤ በሌሎቹ ላይ የስልኩ ሰዓት ነው፤ እኛ በአእምሯችን የምንይዘው ደግሞ የራሳችንን ነው። ከግሪንዊች ወደ አገራችን ለመምጣት 3 ይደመራል፣ ከዚያ ወደ እኛ አቆጣጠር ለመምጣት 6 ይቀነሳል፤ ስለዚህ በአጭሩ ከግሪንዊቹ ሰዓት ላይ 3 መቀነስ ይበቃል። 11፡30 የሚል የግሪንዊች ምስል ካየን ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። የስልኩ ሰዓት በእጅ ተቀይሮ ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ጋር እንዲገጥም የተደረገ ከሆነ ግን መተግበሪያው ሁሉንም በስድስት ሰዓት አዛብቶ ያቀርባል። በከተማችን ሰዓታቸውን እንዲህ የሚያስተካክሉ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ የስልኩን ሰዓት ኔትወርኩ ራሱ እንዲያስተካክለው መተው የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። የቀን ነገርም አለ። አገልግሎቱ ረቡዕን የሚጀምረው እኛ ሌሊቱ 6 ሰዓት ከምንለው ጀምሮ ነው፤ እኛ ግን ያንን ጊዜ ገና የማክሰኞ ሌሊት እንለዋለን። «ረቡዕ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ዝናብ» የሚለውን ያነበበ ገበሬ የረቡዕን ቀን አሳልፎ ሌሊቱን ቢጠብቅ፣ ዝናቡ ለረቡዕ አጥቢያ ወርዶ አልፏል።

«አሁን» የሚለው ቃል ራሱም አሁን ማለት አይደለም። ነባሩ የሜቴኦሳት ትውልድ ሙሉውን የምድር ገጽታ የሚያነሳው በየ15 ደቂቃው ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የመጀመሪያው የመጠቀው አዲሱ ትውልድ ይህን ወደ 10 ደቂቃ አውርዶታል። በዚህ ላይ ምስሉ እስኪቀነባበርና ስልክ ላይ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ይጨመራል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ዝናብ በግማሽ ሰዓት ውስጥ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ናሳና የጃፓን የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ካመጠቁት ሳተላይት ጋር ተያይዞ የሚወጣው ዓለም አቀፍ የዝናብ ግምት ደግሞ ፈጣኑ እትም እንኳ 4 ሰዓት ያህል ስለሚዘገይ፣ ትናንት የዘነበውን መጠን ለማወቅ እንጂ ዛሬ ስጥ ለማንሳት አያገለግልም። ስለዚህ ካርታውን የሚከፍት ሰው ከቀለሙ በፊት የምስሉን ሰዓት ያንብብ።

ከሰዓት መስመሩ «አሁን» ከሚለው ምልክት በስተቀኝ ያለው ደግሞ ምንም የታየ ነገር አይደለም፤ ትንበያ ነው። በዚህ አገልግሎት ያለፈውና የሚመጣው በአንድ ዓይነት ቀለምና በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ስለሚቀርቡ ድንበሩ በቀላሉ ይስታል። በስተቀኝ የሚታየው የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ሞዴል ወይም ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካ ሞዴል ያወጣው ነው፤ ሞዴል የሚባለው የሚመጣውን አየር በኮምፒውተር አስልቶ የሚተነብይ ፕሮግራም ነው፤ የሞዴሎቹ ስሌት በቀን አራት ጊዜ ይታደሳል። የአውሮፓው ሞዴል ምድሩን የሚያየው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ክፍልፋዮች ሲሆን በእነዚህ ውስጥ ኮረብታውም ሸለቆውም በአማካይ አንድ ከፍታ ይሰጣቸዋል። ከደጀን ከተማ ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሰውነቱ ያውቀዋል፤ በ1,000 ሜትር የከፍታ ልዩነት ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ያህል ይለወጣል። «ሙቀቱ ከእውነቱ ይርቃል» የሚል ሰው መጀመሪያ መተግበሪያው ለቦታው የያዘውን ከፍታ ይመልከት። ሞዴሎቹ የከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብን ከእውነተኛው ሰዓት አስቀድመው፣ ወደ እኩለ ቀን አስጠግተው የማምጣት የታወቀ ዝንባሌም አላቸው፤ 6 ሰዓት ላይ ይዘንባል ተብሎ ሳይዘንብ ሲቀር ቀኑ ድኗል ብሎ መደምደም ያስጎዳል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለትንበያው የሚገባውን ምስጋና መንፈግ አልፈልግም። ሰፊ የደመና ሥርዓት ሲመጣ ጥሩ አድርጎ ያውቃል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ጤፋችን ታጭዶ፣ ነዶው ተከምሮ ውቂያ እየጠበቀ ሳለ፣ ሁለቱም ሞዴሎች ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ በአንድ ድምፅ ለሐሙስ አጥቢያ ዝናብ አሳዩ። የሳተላይቱ ምስልም ረቡዕ ማታ ሰፊ የደመና መቀነት ወደ እኛ ሲጓዝ ያሳይ ነበር። አባቴን ጠርቼ ክምሩን በሁለት ሸራ አለበስነው፤ ጠርዙን በድንጋይ ከበብን፤ ዙሪያውንም ቦይ ቀደድን። ሌሊቱን ዘነበ። ሲነጋ ሸራውን ገልጠን እጄን ወደ ነዶው ውስጥ ሰደድኩ፤ ደረቅ ነበር። ሁለት የተለያዩ ሞዴሎች በአንድ ነገር ላይ ሲስማሙና ዝናቡም አካባቢያዊ ነጎድጓድ ሳይሆን ሰፊ ሥርዓት ሲሆን፣ ይህ አገልግሎት ሊታመን የሚችል ነው። ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የ10 ቀን ትንበያ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ደግሞ መተማመኑን ከፍ ያደርገዋል።

የቦታ ስሕተት ለማስተካከል ቀላሉ ነው። ሎኬሽን ያልተፈቀደለት መተግበሪያ ያለንበትን የሚገምተው በኢንተርኔት አድራሻችን ስለሆነ ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ የአዲስ አበባን ሰማይ ያሳያል፤ ቪፒኤን የበራ እንደሆነማ አውሮፓ ያደርሰናል። በስም ሲፈለግም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ቡሬ» ብሎ የፈለገ ሰው የጎጃሙን፣ የኢሉባቦሩን ወይም የአፋሩን ቡሬ ሊያገኝ ይችላል፤ የአፋሩን ቡሬ ፀሐይ እያየ በጎጃሙ ቡሬ በርበሬ ያሰጣ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ። የሚሻለው በስም መፈለጉን ትቶ ካርታውን በጣት አቅርቦ ምልክቱን የራስ ማሳ ላይ መትከልና በዚያው ማስቀመጥ ነው።

ካርታው አልንቀሳቀስ ሲል፣ ግማሹ ብቻ ሲሳል ወይም አራት ማዕዘን ግራጫ ሰሌዳዎች ሲታዩ ችግሩ ያለው በአብዛኛው ኔትወርኩ ላይ ነው። ካርታው የሚመጣው እንደ ንጣፍ ድንጋይ ቁርጥራጭ ሆኖ ስለሆነ በደካማ ኔትወርክ አንዳንዱ ቁራጭ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ይቀራል። የምስሎቹን ብዛት መቀነስ፣ እንቅስቃሴውን አቁሞ የመጨረሻውን ምስል ብቻ ማየትና ካርታውን ብዙ አለማቅረብ ዳታም ጊዜም ይቆጥባል። ስልኩ ውስጥ የተቀመጠውን ጊዜያዊ ፋይል (ካሽ) አጽድቶ መተግበሪያውን እንደገና መክፈት የቆየ ምስል ሲደጋገም ያድናል። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ቅሬታ አለኝ፦ ኔትወርክ ሲጠፋ መተግበሪያው መጨረሻ ያስቀመጠውን ምስል አሁን እንደመጣ አስመስሎ ያሳያል፤ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ የሰዓቱ ጽሑፍም በጥግ በኩል በደቃቅ ፊደል ነው። በእኛ አካባቢ ኔትወርክ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለረዘመ ጊዜ እንደሚጠፋ እናውቃለን፤ የትናንትን ሰማይ እንደ ዛሬ ማየት ምንም ካለማየት የከፋ ነው።

የዝናብ ማስጠንቀቂያ መልእክቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ስልኩ ባትሪ ለመቆጠብ ከበስተጀርባ የሚሠሩትን ስለሚያስተኛ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቀራል፤ መተግበሪያውን ከባትሪ ቁጠባው ነጻ ማድረግ ይቻላል። እኔ አድርጌው መልእክቱ መድረስ ጀመረ፤ ነገር ግን በእኛ አካባቢ የሚደርሰው የሞዴል ግምት ተመርኩዞ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዝናቡ ጣራዬን መምታት ከጀመረ በኋላ ነበር።

ቀለሞቹን በተመለከተ፣ አንዱ አገልግሎት ቀይ ያለውን ሌላው ቢጫ ስለሚለው ሁለት መተግበሪያ የሚያወዳድር ሰው ከቀለሙ ይልቅ ቁጥሩን ይያዝ። በራዳር መለኪያው ዲቢዜድ፣ ማለትም ተንጸባርቆ የሚመለሰው ሞገድ የብርታት መለኪያ፣ ሲሆን 20 አካባቢ ያለው ካፊያ ነው፤ 40 ላይ በሰዓት ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጥል ጥሩ ዝናብ ነው፤ 50 ሲደርስ ዶፍ፣ ከዚያ ሲያልፍ በረዶ መጠርጠር ይገባል። ሳተላይቱ በሚሊ ሜትር የሚያቀርበው ግምት በረዶን አይለይም፤ በነሐሴ የበቆሎ ቅጠል የሚሰነጥቀውን በረዶ ከዚህ ካርታ የሚጠብቅ ሰው አያገኘውም። የካርታውን ሚሊ ሜትር ለመፈተን እኔ ጎኑ ቀጥ ያለ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ዛፍም ጣራም በማይከልለው ቦታ ተከልኩ፤ ጠዋት ጠዋት ማስመሪያ ከትቼ እለካለሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ካርታው 3 ሚሊ ሜትር ባለበት ቀን ከቆርቆሮው 20 የለካሁበት ጊዜ አለ፤ 15 ብሎ መሬቱ አቧራ የነበረበትም አለ። የሳምንቱ ድምር ግን ከዕለቱ ቁጥር በጣም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ማዳበሪያ መቼ ይጨመር ለሚለው ውሳኔ የሚረዳውም ይኸው ድምር ነው።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት የመብረቅ ንብርብሩን ነው። መብረቅ የታየበት ቦታ ላይ ነጎድጓዳማ ደመና ስለመኖሩ ጥርጥር ስለሌለ፣ የቀዘቀዘ ስስ ደመናን ከእውነተኛው ዝናብ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ረዳት አላገኘሁም። ሁሉንም ብልጭታ አይዝም፤ የያዘውን ግን በሳተላይቱ ላይ ደርቤ ሳየው ሁለቱ የተስማሙበት ቦታ ላይ ዝናብ ሳይኖር የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስልክ በሌለበት ማሳ ላይ ደግሞ የብልጭታውንና የድምፁን ልዩነት በሰከንድ ቆጥሮ ለሦስት ማካፈል ርቀቱን በኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ ተማሪዎቼ ይህን በአንድ ቀን ለምደው ለወላጆቻቸው አስተምረዋል።

ክፍያው በዶላር ካርድ ብቻ የሚፈጸም በመሆኑ አዲስ አበባ ያለ ዘመዴን ማስቸገር ነበረብኝ፤ ይህ ራሱ ለብዙ የጎጃም ተጠቃሚ በሩን የሚዘጋ ነው። የተከፈለበት ደረጃ የጨመረልኝ ረዘም ያለ የራዳር ታሪክ፣ የበለጠ የጠራ የራዳር ምስልና የማስታወቂያ አለመኖር ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ አገልግሎቱ የራዳር መረጃ በማያቀርብበት አካባቢ ላለ ሰው ምንም አይሰጡም። መብረቁም፣ ሳተላይቱም፣ የሁለቱ ሞዴሎች ትንበያም በነጻው ውስጥ አሉ። በአማርኛ የተዘጋጀ ማብራሪያም የለውም።

ጥር 30 ላይ ክፍያውን አቋርጬ ወደ ነጻው ደረጃ ተመልሻለሁ። ለአገልግሎቱ በጻፍኩት ደብዳቤ የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፦ ራዳር የማይደርስበት ቦታ ለማንኛውም ተጠቃሚ ከመጀመሪያው ግራጫ ሆኖ እንዲታይ፣ የምስሉ ሰዓትም በካርታው መሐል በጉልህ እንዲጻፍና ምስሉ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲቆይ ቀለሙ እንዲደበዝዝ። የደረሰኝ መልስ ጥያቄዬን መቀበላቸውን የሚገልጽ የተለመደ መልእክት ብቻ ነው። እስከዚያው ድረስ በእናቴ ስልክ ላይ የራዳሩን ንብርብር አጥፍቼ ሳተላይቱንና መብረቁን ብቻ ትቼላታለሁ፤ የቡሬ በርበሬ ነጋዴዎች መጥተው እስኪወስዱት ድረስ የቀረው ስጥ ግቢያችን ውስጥ ነው፣ እርሷም ነፋሱ ሲቀዘቅዝ ካርታውን ሳትከፍት ሸራውን ትይዛለች።